ሳይናገሩ የሚቀጠፍ አደስ

ሙሉነሽ ለሁለተኛ ጊዜ ስትወጣ አፏን በውኃ ሞልታ ነበር።

ዕለቱ ዓርብ ነው። ሰማዩ ገና አመድ መስሎ ሳለ ከእንስራው በቅል ቀድታ ተጎነጨች፤ ጉንጮቿ እስኪወጠሩ ያዘችና ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ በሩን ቀስ አድርጋ ከፈተች። ዘዴውን ያፈለቀችው ራሷ ናት። አፍ ውኃ ከያዘ ምላስ አይፈታም። ምላስ ካልተፈታ የሰው ሰላምታ አይመለስም። ሰላምታ ካልተመለሰ ደግሞ አደሱ ይቀጠፋል።

ነገሩ የእናቷ ሥርዓት ነው። ወለተ ጊዮርጊስ ከወገዳ ገበያ እስከ እስቴ ድረስ በራስ ቅቤ የታወቀች ሴት ናት። ለሙሽራ፣ ለአራስ፣ ራሱን ፎከት ለወረሰው፣ ቆዳው በብርድ ለተሰነጠቀ፣ ለሁሉም የሚሆን ቅቤ ታውቃለች። ለጋ ቅቤ፣ ጥቂት አሪቲ፣ ብዙ አደስ። አሁን እግሯ ከድቷት፣ ዓይኗም ሞራ ለብሶት ከመደብ አትወርድም፤ ቃሏ ግን አልደከመም። ደረቅ አደስ ለሽታ ነው ትላለች፤ ማንም ከገበያ ገዝቶ ይወቅጠዋል። ለበሽታ የሚሆነው እርጥቡ ነው። እርጥቡም ቢሆን ረቡዕ ወይም ዓርብ ፀሐይ ሳትወጣ የተቀጠፈ፣ ቀጣፊዋ ከመኝታዋ ከተነሣች ጀምሮ ቅጠሉ ቤት እስኪገባ ለሰው አንዲት ቃል ያልተነፈሰችበት መሆን አለበት። ለአደስ እንደምትሄድም ለጎረቤት አይነገርም። ከተነገረ ከሳር አይሻልም።

አደሱ የተፈለገው ደግሞ ለሩቅ ሰው አይደለም። ለአመተ ሥላሴ ነው፤ ለሙሉነሽ ታናሽ እኅት።

አመተ ሥላሴን በሰኔ ተስቦ ጣላት። ከሞት ተረፈች፤ ነሐሴ ላይ ግን ፀጉሯ በሚዶው ጥርስ እየተጎለጎለ ይወጣ ጀመር። መጀመሪያ ጥቂት ጥቂት፣ ኋላ እፍኝ እፍኝ። መስቀል ሲደርስ አናቷ ከእንቁላል ቅርፊት የሚለይ አልነበረም። ወለተ ጊዮርጊስ በእጇ ዳስሳ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰችና በጥቁር ጨርቅ ጠፍራ አሰረችው። «ነፋስ እንዳይመታው። ቅቤው እስኪደርስ ማንም እንዳይፈታው፤ አንቺም እጅሽን እንዳታስገቢ፤ ከተነካ ሥሩ ይሞታል» አለች። ከዚያ ወዲህ ያን ራስ ያየው ሰው የለም፤ ባለቤቲቱም ጭምር።

ሠርጉ ከጥምቀት ማግስት ነው። ሙሽራው ካሣሁን የእስቴ ሰው ነው፤ ደግ ልጅ ነው ይባላል። ክፋቱ ወይዘሮ አዲስዓለም እናቱ መሆኗ ነው። ሙሽራ አማቷ ቤት ስትገባ አማቲቱ በዘመድ ፊት ለጋ ቅቤ በአናቷ ላይ ታኖርላታለች፤ በጣቷም ወደ ፀጉሯ ሥር ታሸዋለች። የወይዘሮ አዲስዓለም ጣት ባዶ ቆዳ ላይ ቢያርፍ ምን እንደሚከተል ሙሉነሽ በሐሳቧ ብዙ ጊዜ አይታዋለች። ጣቲቱ ትቆማለች። ከዚያ አፏ ይከፈታል። ከዚያ አመተ ሥላሴ በመጣችበት በቅሎ ትመለሳለች፤ እስከ ዕድሜዋ ማለቂያም «መላጣዋ» ትባላለች።

ጊዜውም አጭር ነው። ኅዳር አጋማሽ ላይ የነቢያት ጾም ይገባል። በጾም ራስን ቅቤ መቀባት ያስነውራል፤ ጾሙ ሳይገባ አንድ ጊዜ ተቀብቶ ከታሰረ ግን እስከ ገና ሳይፈታ ይቆያል፤ የሚበቅለውም በዚያ ውስጥ ነው። እስከ ቅበላ የቀሩት የመቅጠፊያ ቀናት አራት ነበሩ። ሁለት ረቡዕ፣ ሁለት ዓርብ።

የፊተኛው ረቡዕ በአያ ማሩ ጠፋ። አያ ማሩ ገብሱን ሊጠብቅ አውድማው ላይ አድሮ፣ ገና ብርድ ልብሱን ሳያወልቅ፣ «እንደምን አደርሽ ሙሉ!» አላት። እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ ማሩ!» ብላ መለሰች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትመልስ ኖራለች፤ አፏ እሷን አልጠየቀም። ከዚያማ ሁሉም ነገር ስለ ጠፋ የእናቷን እግር፣ የበሬውን ትከሻ፣ የባሏን የተሻገርን አጨዳ እየተጠየቀች ሁሉንም መልሳ ባዶ እጇን ተመለሰች።

«ተናገርሽ?» አለቻት እናቷ ከመደቡ።

«አያ ማሩ ድንገት ሰላም ብሎኝ...»

«ተናገርሽ ወይስ አልተናገርሽም?»

«ተናገርሁ።»

«እንግዲያ የዛሬው አደስ ለፍየል ነው።»

ለዚህ ነው ዓርብ ዕለት አፏን በውኃ የሞላችው። አያ ማሩ ዕድሜ ለማታው ጠላ ብርድ ልብሱ ውስጥ ተጠቅልሎ ያንኮራፋ ነበር። አውድማውን በጣቶቿ ጫፍ አለፈች። ቁልቁለቱን ወረደች። ከምንጩ ዘንድ ስትደርስ ላቀች እንስራዋን ሞልታ ልታዝል ስታጎነብስ አገኘቻት።

ላቀች ጎረቤቷ ብቻ አይደለችም፤ ሚስጥረኛዋ ናት። ላሟ በቅርብ ስለ ወለደች ለጋ ቅቤውንም «የኔ ላም ምን ልትሠራ ነው የወለደችው? ለአመቴ ነው» ብላ ቃል የገባችው እሷ ናት።

«እሙሉ! እንደምን አደርሽ የኔ እመቤት?»

ሙሉነሽ ራሷን ነቀነቀች።

«ምነው?» ላቀች እንስራዋን አስቀመጠች። ቀረብ ብላ አየቻት። «ጥርስሽ ነው! አፈር ልብላልሽ፣ ጉንጭሽ እኮ ዱባ አክሏል!»

ሙሉነሽ በእጇ «አይደለም፣ ሂጂ» ብላ አመለከተች። ላቀች ግን ምልክቱን «አዎ፣ ሞትሁ» እንዳለቻት ቆጠረችው።

«ማታ ደኅና አልነበርሽም እንዴ? በአንድ ሌሊት! ነይ እስቲ፤ አፍሽን ክፈች ልየው። አትፍሪ፤ የተሻገርን እናት መንጋጋ በዚች ጣቴ ነው የነቀልሁላቸው፣ ዝም ብለው አመሰገኑኝ።»

ሙሉነሽ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ላቀች በግራ እጇ ማጅራቷን ያዘች፤ በቀኝ እጇ አውራ ጣት ያበጠውን ጉንጭ ጫን አለች። ውኃው እንደ ተወጋ አቁማዳ ላቀች ፊት ላይ ተፈናጠረ።

«ውይ ይቅር በይኝ!» አለች ሙሉነሽ።

ብላ ጨረሰች።

ላቀች ዓይኗን በቀሚሷ እጅጌ ጠረገች። የጠረገችውን አሸተተችው። «ውኃ? ምንጭ አጠገብ ቆመሽ፣ ውኃ በአፍሽ ይዘሽ?»

«ምንም አይደለም ላቄ።»

«ፊቴ ላይ ተፍተሽብኝ ምንም አይደለም?»

ነገሩን ለመናገር ከንፈሯ ተላቅቆ ነበር። ግን ለጎረቤት አይነገርም። የቀረውንም ረቡዕ፣ የቀረውንም ዓርብ እንዳታበላሽ ፈራች። «በኋላ እነግርሻለሁ» ብላ ዞረች። ጀርባዋ ላይ የላቀች ዓይን ሲቆጠቁጣት ተሰማት።

ቤት ስትገባ እናቷ አልጠየቀቻትም። አፍንጫዋን ወደ በሩ አቅንታ አሸተተች፤ የአደስ ሽታ የለም። ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«እምዬ፣ ነገ ቅዳሜ ነው። ወገዳ ልውረድና ደረቁን ልግዛ። አንድ ስልቻ ቢባል ይገኛል።»

«ደረቁን!» ወለተ ጊዮርጊስ እንደ ተሰደበች ቀና አለች። «በደረቁ ላይ ስንት አፍ እንዳወራበት ታውቂያለሽ? ሲቀጥፉት ያወራሉ፣ ሲያሰጡት ያወራሉ፣ ሲሸጡት ደግሞ ይጨቃጨቃሉ። በዚያ ፀጉር አይበቅልም፤ ቢበቅልም ወሬኛ ነው የሚሆን።»

አመተ ሥላሴ ከጓዳው ጥግ የተጠፈረ ራሷን ይዛ ትሰማ ነበር። «ያሳክከኛል እሙሉ» አለች ቀስ ብላ። «ስተኛ ደግሞ ጨርቁን አልፎ የሚወጋኝ ነገር አለ።»

«እንዳትነኪው ተብለሻል!» አለች ሙሉነሽ፤ ቁጣዋ ለማን እንደ ሆነ ሳታውቀው።

ሁለተኛው ረቡዕ መጣ። በዚህ ጊዜ ውኃም አልያዘችም፤ ቆርጣ ተነሣች። ማንም ቢጠራት አትመልስም፤ ኋላ ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ሰው ይገባዋል።

አያ ማሩ ነቅቶ ነበር። ማታውን በሬ አዙሮ የወቃውን ገብስ ከገለባው ለይቶ፣ ክምሩን በመስቀል ምልክት አትሞ፣ አጠገቡ ቆሞ ነው ያገኘችው። አውድማ አጠገብ የሚያልፍ ሰው «ይበርክት!» ይላል። ሕፃን ልጅ እንኳ ይላል። ሳይል የሚያልፍ ዓይኑ ክፉ የሆነ ነው።

ሙሉነሽ ነጠላዋን አጥብቃ አለፈች።

«እንደምን አደርሽ ሙሉ!»

አለፈች።

«ሙሉ! እኔ ማሩ ነኝ!» ትንሽ ቆይቶ፣ «ክምሩንስ አላየሽውም?» በሦስተኛው ድምፁ ተለወጠ። «ይሁን። ነገ ጭቃ ሹሙ ፊት እንዳልከስሽ አፍ የለሽም፤ አፍ ከሌለው ጋር ሙግት የለም።»

ፊቷ እንደ እሳት ጋለ። ቢሆንም አልዞረችም። ምንጩን ላለማየት በገደሉ ሥር በጭንጫው ታጥፋ፣ እሾኽ እየጎተታት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ኋላ ወጣች። አደሱ ከዚያ ይታያል። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ገደሉ አፍ ላይ፣ ቅጠሉ ጤዛ ይዞ፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ። ሽታው እንኳ ደርሷት ነበር።

«ማነሽ?»

አባ ገብረ ኢየሱስ ኪዳን አድርሰው በኋላው በር ሲወጡ ነው። የንስሐ አባቷ ናቸው። መስቀላቸውን ከእጅጌያቸው አወጡና ዘረጉላት። ሙሉነሽ ተንበርክካ ተሳለመች፤ ግንባሯን አስነካች፤ ከንፈሯን አስነካች። ቀና አለች። አባ መስቀሉን አላነሡትም። እየጠበቁ ነው።

«ይፍቱኝ በዪ እንጂ ልጄ።»

ጸጥ።

«ሙሉነሽ? አንቺ ነሽ?» ጎንበስ ብለው ዓይኗን አዩ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከንፈሯ ተነክሷል፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የአባ ፊት ቀስ በቀስ ተለወጠ። መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ! ምላሷን ይዟታል! ዲያቆን! ዲያቆን ወልደ ሩፋኤል! ጠበሉን ይዘህ ና፣ ቶሎ በል!»

ከውስጥ የሚሮጥ እግር ተሰማ። በኅዳር ብርድ አንድ እንስራ ጠበል ራሷ ላይ ሊፈስ እንደ ሆነ፣ ከዚያም «ማን ነህ? ከየት ያዝሃት?» እየተባለች በመቋሚያ ልትመታ እንደ ሆነ አየች።

«ይፍቱኝ አባ! ደኅና ነኝ፤ ምንም አልሆንሁም!»

«ኧረ ተመስገን! ተናገረች! እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ! አየኸው ወልደ ሩፋኤል? መስቀሉን ገና ሲያይ ለቀቃት!» አባ በደስታ ጭንቅላቷን ሦስት ጊዜ በመስቀሉ መቱት፤ ለማንኛውም ብለው ጠበሉንም አፈሰሱባት።

ሙሉነሽ ከፀጉሯ ውኃ እየተንጠባጠበ፣ ሃያ እርምጃ ላይ ያለውን አደስ እያየች ቆመች። ልትጮኽ ምንም አልቀራትም። የምትጮኽበት ቃል ግን አልነበራትም።

ሐሙስ ማታ ተሻገር ከአጨዳ ሲመለስ ማጭዱን ከወትሮው አጠንክሮ ጣለው።

«አገሩ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

«ምን ይላል?»

«ማሩ ገብሱን ሲሰፍር ባሰበው ልክ አልወጣለትም። ላቀች ምራቋን ፊቴ ላይ ተፋች ትላለች። አባ ገብረ ኢየሱስ ደግሞ ዲዳ ጋኔን አወጣሁላት ብለው ለደብሩ ሁሉ ተርከዋል። እንግዲህ ሦስቱን ደምረሽ ፍቺው።»

«አንተስ ምን አልህ?»

«ምን ልበል? እኔንስ በእነዚያ ጥዋቶች መች እንደምን አደርህ አልሽኝ?»

እውነቱን ነው። ሙሉነሽ እናቷን አየች። ወለተ ጊዮርጊስ ይህን ሁሉ ሰምታ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች።

«እምዬ፣ አንድ ነገር በይ እንጂ!»

«ነገ ዓርብ ነው» አለች እናቷ። «የመጨረሻው።»

ዓርብ ጥዋት ሙሉነሽ እንደ ሌባ አልተከናነበችም። ሰልችቷታል። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መንገዱን መሐል ለመሐል ያዘች።

አያ ማሩ አውድማው ላይ ነበር። እግሯን ሰማ። ቀና አለ፤ አያት፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ በገብሱና በእሷ መካከል እንደ አጥር ቆመ። ምንም አላለም። ምንጩ ዘንድ ሦስት ሴቶች ሳቅ ይዘው ነበር፤ ስትደርስ ሳቁ ተቆረጠ። ላቀች እንስራዋን አዝላ በአጠገቧ አለፈች፤ ቀሚሷ ቀሚሷን እስኪነካ ቀርባ፣ ዓይኗን ግን መሬት ላይ ተክላ። በቤተ ክርስቲያኑ በር ዲያቆን ወልደ ሩፋኤል ወጣ ብሎ አያትና ፈጥኖ ገባ፤ በሩንም ከውስጥ ቀረቀረው።

አደሱ ዘንድ ደረሰች።

የቀራት መቅጠፍ ብቻ ነበር። ማንም አላናገራትም፤ ማንንም አላናገረችም። ሥርዓቱ አንድ ነጥብ ሳይጎድለው ሞልቷል። እጇ ወደ ለጋው ቅጠል ተዘረጋና ትንሽ ዘገየ። ሠላሳ ዓመት በኖረችበት አገር፣ ከቤቷ እስከ ገደሉ፣ አንድ «እንደምን አደርሽ» የሚላት ሰው ጠፋ። በሁለት ሳምንት። ቅርንጫፉን በቁጣ ጎተተችው፤ ጤዛው ፊቷ ላይ ተረጨ፤ ያ የምታውቀው ሽታ፣ የአራስ ቤትና የሙሽራ ሽታ፣ አፍንጫዋን ሞላው። እያለቀሰች፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ መቀነቷን ሞላች።

ቤት ስትገባ እናቷ ከመደቡ ልትነሣ ቃጣት። «አደስ! እርጥብ አደስ! አምጪው!» ፊቷን ቅጠሉ ውስጥ ቀበረች። ስትወጣ አሥር ዓመት ወጣት መስላለች። «ማንም አላናገረሽም?»

«ማንም።»

«አንድ ሰው እንኳ?»

«አንድ ሰው እንኳ፣ እምዬ።»

«እሰይ!»

ሙሉነሽ አጠገቧ ቁጭ አለች። ብዙ ቀን በሆዷ የያዘችውን ጥያቄ አወጣችው። «አንቺ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን እንዴት ቻልሽው?»

«ምኑን?»

«ዝምታውን። ሰው ሰላም ሲልሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

«የምን ሰው?» አለች ወለተ ጊዮርጊስ፤ ግራ ገብቷት።

«የመንገዱ ሰው ነዋ!»

«በዚያ መንገድ ያኔ ምን ሰው ነበር? ማሩ ገና አልሰፈረም፤ አባቱ ደጋ ነበር። ምንጩን የጠረጉት ኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም ከላይ ነበር፤ ታቦቱ ወደዚህ የወረደው አንቺ ስትወለጂ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ እኔ ቅጠሉን ለመቅጠፍ አክስትሽን እልክ ነበር። ከዚህ እስከ ገደሉ ጫካ ነው። ያለው ዝንጀሮ ነው። ዝንጀሮ ደግሞ እንደምን አደርሽ አይልም።»

ሙሉነሽ እናቷን አየች። ለረጅም ጊዜ አየቻት። አንድ ነገር ለመናገር አፏን ከፈተችና ዘጋችው፤ ዝምታውን ለምዳው ነበር።

«ቅቤውስ?» አለች እናቷ። «ለጋ ቅቤው የታለ?»

ቅቤው ላቀች ቤት ነው።

ላቀች ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ወተት ትገፋለች። ቅሉን ጭኗ ላይ እያንገላታች ቀና አላለችም።

«እንደምን ዋልሽ፣ ላቄ?»

ቅሉ ብቻ ይንቦጫረቃል። ላቀች አጠገቧ ወደ ታሰረችው ጥጃ ዞረች። «ቦራ፣ ማን መጣ? ያቺ የምትተፋዋ ናት? ፊትሽን አዙሪ ልጄ፣ ታረጥብሻለች።»

«ላቄ፣ ልንገርሽ።»

«ቦራ፣ አፍ አወጣች እኮ! አባ ገብረ ኢየሱስ አያልቅባቸው!»

ሙሉነሽ መሬት ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻት። ረቡዑን፣ ውኃውን፣ አባን፣ ዛሬን። የወይዘሮ አዲስዓለምን ጣት። ዝንጀሮውን። ላቀች መግፋቱን አቁማ ሰማቻት፤ መጨረሻ ላይ ቅሉን አስቀመጠች።

«ለአደስ ነው?»

«ለአደስ።»

«ማክሰኞ ማታ ብቅ ብለሽ ‹ላቄ፣ ነገ ጥዋት እንዳታናግሪኝ› ብትይኝስ? መንገዱን በሙሉ ዝም አሰኝልሽ አልነበር? ማሩንስ አፉን በጭድ እወትፍልሽ አልነበር?»

«አይነገርም እኮ።»

«ምኑ?»

«መሄዴ አይነገርም።»

ላቀች ሰማይ ሰማይ አየች። «እናትሽ ሴትዮዋ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ቅቤው አለ። መጀመሪያ ግን የኔን መልሺ።»

«የምን?»

«ሰላምታዬን! ያለፈውን ዓርብ አልመለስሽልኝም። የበላሽውን ትተፊያለሽ።»

ሙሉነሽ በንዴት ሣቀች፤ ወይም በሣቅ ተናደደች። «እንደምን አደርሽ፣ ላቄ። ያለፈው ዓርብ ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የዛሬውስ?»

«ዛሬ ዝም ያልሽው አንቺ ነሽ!»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለች ላቀች።

ቅዳሜ ጥዋት ላቀች ቅቤውን በቅጠል ጠቅልላ መጣች። አመተ ሥላሴ መካከል ላይ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና። ሙሉነሽ አደሱን ሙቀጫ ውስጥ ጨምራ ዘነዘናውን አነሣች። ወለተ ጊዮርጊስ ከመደቡ ታዝዛለች። «አሪቲውን ኋላ። ጨርቁን ፍቱት፤ ቀስ ብላችሁ፤ ያበጠ ነገር ካለ ንገሩኝ።»

ላቀች ጥቁሩን ጨርቅ ዙር በዙር ፈታችው። የመጨረሻውን ስታነሣ እጇ ቆመ።

«አመቴ...» አለች።

«ቁስል ነው?» አለች አመተ ሥላሴ፤ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ቁስል ነው አይደል?»

«ሙሉ፣ ነይ እዪ።»

ሙሉነሽ ዘነዘናውን ይዛ ቀረበች። የእኅቷ ራስ ጥቁር ነበር። ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ፣ እንደ በቆልት፣ ዙሪያውን እኩል፣ አጭር፣ ጠንካራ ፀጉር ወጥቶበታል። ጣት ቢያልፍበት ይወጋል።

ማንም አልተናገረም። በዚያ ቤት በዚያ ወር ከነበረው ዝምታ ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር።

«ያሳክከኛል አላልሁም?» አለች አመተ ሥላሴ። እጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ራሷ አነሣች፤ ፈራ ተባ አለች፤ አስነካች። ከዚያ ሁለቱንም እጇን ጫነችበትና ማልቀስ ጀመረች።

«እስከ ጥር ጣት ያስይዛል» አለች ላቀች። «ለአዲስዓለም እጅ ይበቃል። በተስቦ የረገፈ እንዲህ ነው፤ የወንድሜ ሚስትም በራሱ ጊዜ ነው የወጣላት። እናንተ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ፈትቶ ያየ ሰው የለም?»

«ምንድን ነው?» አለች ወለተ ጊዮርጊስ። «ምን ሆነ?»

«በቅሏል፣ እሜቴ።»

አሮጊቷ አንገቷን ቀና አደረገች። ከዚያ ራሷን በኩራት ነቀነቀች። «ነገርኋችሁ አይደል? አደሱ ትናንት ቤት ገባ። ሽታው ብቻ አበቀለው።»

ሙሉነሽ ወደ ሙቀጫው ተመለሰች። ዘነዘናውን አነሣችና ወረደችበት።

«እንደምን አደርህ፣ አያ ማሩ!» አለች። ቅጠሉ ደቀቀ።

«ሙሉነሽ?» አለች እናቷ።

«ይበርክት ክምሩ!» ሌላ ምት። «እናቴ ደኅና ናት፤ እግሯም ደኅና ነው! በሬውም ተሽሎታል!»

«ቅጠሉ ላይ አታውሪበት! ይረክሳል! ሙሉነሽ!»

«ይፍቱኝ አባ! እንደምን አደሩ፣ ጠበሉ ደግሞ ብርድ ነበር! አንተ ወልደ ሩፋኤል፣ በሩን ክፈት፤ አልበላህም! እንደምን አደርህ፣ ተሻገር! እንደምን አደራችሁ፣ የምንጩ ሴቶች!»

ላቀች ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተንከባለለች። አመተ ሥላሴ እንባዋ ሳይደርቅ መሣቅ ጀመረች፤ እጇን ግን ከራሷ ላይ አላነሣችም። ሙሉነሽ አልሣቀችም። ያልመለሰችው ሰላምታ እስኪያልቅ ወቀጠች፤ አረንጓዴው ጭማቂ ክንዷ ላይ እስኪፈናጠር ወቀጠች፤ ከዚያ ቅቤውን ጨምራ በእጇ ለወሰችውና በወሬ የተሞላውን ቅቤ በእኅቷ ራስ ላይ አኖረችው።

ወለተ ጊዮርጊስ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ መቁጠሪያዋን ፈለገች።

«ዝንጀሮው ይሻል ነበር» አለች።